በሌዘር የታረመ ዓይንና የጦር አውሮፕላን አብራሪነት

መግቢያ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ከተሞች የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ብርሃንና ስለ ሌዘር በምንነጋገርበት ጊዜ ሁሉ ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዓይኔ ሩቅ አጥርቶ አያይም፤ በሌዘር ብታከም አየር ኃይል ለፓይለትነት ይቀበለኛል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አዝሏል። አንደኛው የፊዚክስና የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ሌዘር የደበዘዘን እይታ ሊያጠራ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው የብቁነት ጥያቄ ነው፤ የጠራው ዓይን ተዋጊ አውሮፕላን የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟላል ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው «አዎን» ነው። ለሁለተኛው የሚሰጠው መልስ ግን «እንደ ሁኔታው» የሚል ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ መቁጠር ብዙ ያስከፍላል። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ ያሳከመው ወጣት በሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቦ ላይቀበሉት ይችላሉ። ገንዘብ ሠርተው ይተኩታል፤ በሌዘር የተቀረጸ የዓይን አካል ግን ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሌዘር በዓይን ላይ የሚሠራውን ሥራ፣ ቀጥሎም የጦር አብራሪነት ከዓይን የሚፈልገውን፣ በመጨረሻም አንድ የምዕራብ ሸዋ ተማሪ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የውጭ አገር ክንውኖች የተጠቀሱባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንሻለን።

የበረራ ምኞት ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። ወደ አገራችን የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገፈርሳ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ እንደገና የተደራጀው አየር ኃይል ከሳብ አውሮፕላኖች ወደ ኤፍ 86ና ኤፍ 5፣ ከዚያም ወደ ሚግና ሱኮይ ጄቶች ተሸጋግሯል። አውሮፕላኖቹ በፈጠኑ ቁጥር ከአብራሪው ዓይን የሚጠበቀውም አብሮ ጨምሯል።

ዓይን እንዴት አጥርቶ ያያል?

ብርሃን ከአንድ ግልጽ አካል ወደ ሌላ ግልጽ አካል ሲያልፍ አቅጣጫውን ይለውጣል። ይህን ክስተት ስብረተ ብርሃን እንለዋለን። በዓይን ውስጥ ከፍተኛው ስብረት የሚፈጸመው ብዙዎች እንደሚገምቱት በውስጠኛው ሌንስ ሳይሆን፣ ከፊት ለፊት ዓይንን እንደ ሰዓት መስታወት በሸፈነው ግልጽ አካል፣ በኮርኒያ ላይ ነው። ምክንያቱም የአየር የስብረት ጠቋሚ 1፣ የኮርኒያ ደግሞ 1.376 በመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

የስብረትን ኃይል የምንለካበት አሃድ ዲዮፕተር ይባላል፤ በሜትር የተገለጸው የትኩረት ርቀት ግልባጭ ነው። የኮርኒያ የፊት ገጽ የጉብታ ሬዲየስ 7.8 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 0.376ን ለ0.0078 ስናካፍል 48 ዲዮፕተር ገደማ እናገኛለን። የኋላው ገጽ ከዚህ ላይ 5 ወይም 6 ዲዮፕተር ያህል ስለሚቀንስ የኮርኒያ የተጣራ ኃይል 43 ዲዮፕተር አካባቢ ይሆናል። የመላው ዓይን ኃይል 60 ዲዮፕተር ያህል ነው። እንግዲህ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የሚበልጠው ስብረት የሚካሄደው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ውፍረት ባለው በዚህ አካል ላይ ነው ማለት ነው።

ጤናማ የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ዓይን ከዚህ ሲረዝም ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና ላይ ሳይደርስ ስለሚሰበሰብ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህ ማዮፒያ ይባላል። ማዮፒያው 3 ዲዮፕተር የሆነ ተማሪ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው የመጨረሻ ርቀት አንድ ሦስተኛ ሜትር፣ ማለትም 33 ሳንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ደብተሩን በሚገባ ያነባል፤ ሰሌዳው ግን ጭጋግ ይመስለዋል። ዓይን በ1 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ማዮፒያው ከ2.5 እስከ 3 ዲዮፕተር ያህል ይጨምራል። ይህ ቁጥር ወደ በኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢያን በልባቸው ይያዙልን።

ሌዘሩ የሚሠራው ሥራ

በኖቬምበር 1981 የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተመራማሪ የሆኑት ራንጋስዋሚ ስሪኒቫሳን አሜሪካውያን ለምስጋና በዓል ከሚያዘጋጁት የተርኪ ሥጋ ከቤታቸው የተረፈውን ወደ ቤተ ሙከራ ይዘው መጡ። ሥጋውንም በአርጎን ፍሎራይድ ኤክሳይመር ሌዘር መቱት። ይህ ሌዘር የሚያመነጨው 193 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ በምላጭ እንደተቆረጠ ያህል ጥርት ብሎ ተቀረጸ፤ ዙሪያው ግን አልተቃጠለም። ከባልደረቦቻቸው ከጄምስ ዊንና ከሳሙኤል ብለም ጋር ያደረጉት ይህ ግኝት ለዛሬው የዓይን ሌዘር ሕክምና መሠረት ሆነ።

ሥጋው ያልተቃጠለበትን ምክንያት ለመረዳት የፎቶንን ኃይል ማስላት ይበቃል። 1240ን በናኖ ሜትር ለተገለጸው የሞገድ ርዝመት ስናካፍል የአንዱን ፎቶን ኃይል በኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። ለ193 ናኖ ሜትር ውጤቱ 6.4 ነው። በፕሮቲን ውስጥ አቶሞችን አስተሳስረው የያዙት ዋና ዋና ማሰሪያዎች ከ3 እስከ 4 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ኃይል ይበቃቸዋል። ስለዚህ አንዱ ፎቶን አንዱን ማሰሪያ በቀጥታ ይበጥሳል፤ የተበጣጠሱት ቁርጥራጮችም ሙቀቱን ይዘው ወዲያው ይበንናሉ። 532 ናኖ ሜትር የሆነው አረንጓዴ ሌዘር ግን በአንድ ፎቶን ያለው ኃይል 2.3 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ ማሰሪያውን በቀጥታ መበጠስ ስለማይችል ሕዋሱን በማሞቅ ያቃጥለዋል። የ193 ናኖ ሜትሩ ብርሃን በተጨማሪ ኮርኒያ ውስጥ ጠልቆ አይገባም። አንዱ ምት የሚያነሣው ከሩብ ማይክሮ ሜትር ያልራቀ ንብርብር ብቻ ነው።

የዓይን ሐኪሙ ስቲቨን ትሮከል እ.ኤ.አ. በ1983 ከስሪኒቫሳን ጋር ሆነው ዘዴውን በእንስሳት ኮርኒያ ላይ ሞከሩት። በ1988 ደግሞ ማርጌሪት ማክዶናልድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ማዮፒያ ያለበትን የሚያይ የሰው ዓይን በዚህ ሌዘር አከሙ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን ለማዮፒያ ሕክምና የፈቀደው በ1995 ነበር።

ማዮፒያን ለማረም የኮርኒያን ጉብታ ጥቂት ማስተኛት ያስፈልጋል። ለዚህም መሐሉ ከዳሩ ይበልጥ ይነሣል። የሚነሣውን ጥልቀት ለመገመት ማነርሊን የተባሉት ተመራማሪ ያወጡት ቀላል ቀመር አለ። የሚታረመውን ዲዮፕተር በሚታረመው ክብ ዲያሜትር ካሬ አባዝቶ ለ3 ማካፈል ነው፤ ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ሲሆን መልሱ በማይክሮ ሜትር ይወጣል። ለ3 ዲዮፕተርና ለ6 ሚሊ ሜትር ክብ 36 ማይክሮ ሜትር እናገኛለን፤ ይህም ከአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ያነሰ ነው። ለ6 ዲዮፕተር 72፣ ለ8 ዲዮፕተር 96 ማይክሮ ሜትር ይሆናል።

ሦስቱ ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ ፒ.አር.ኬ. ይባላል። የኮርኒያ የላይኛው ስስ ሽፋን ተገፍፎ ሌዘሩ በቀጥታ ከሥሩ ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። ሽፋኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን ይተካል። ሕመሙ ለቀናት ይቆያል፤ እይታው የሚጠራውም ቀስ በቀስ ነው።

ሁለተኛው ላሲክ ነው። ከ100 እስከ 120 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ክዳን ከኮርኒያ ላይ ተቆርጦ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል። ሌዘሩ ከሥሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ክዳኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሕመሙ ጥቂት፣ ውጤቱ ፈጣን በመሆኑ በሲቪሉ ዓለም ተወዳጅ ሆኗል። ክዳኑ ግን እንደ መጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ አይጠነክርም።

ሦስተኛው ስማይል የሚባለው ነው። ፌምቶ ሰከንድ ሌዘር በኮርኒያ ውስጥ ሌንስ መሰል ቁራጭ ይቀርጻል፤ ሐኪሙም ቁራጩን በጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። ትልቅ ክዳን አይቆረጥም። እንዲህ ያሉትን እጅግ አጭርና ብርቱ የብርሃን ምቶች ያስገኘውን ዘዴ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በ1985 ይፋ አድርገውት በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል።

በሁሉም ዘዴዎች ዋናው ሒሳብ ምን ያህል እንደተነሣ ሳይሆን ምን ያህል እንደቀረ ነው። 540 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ኮርኒያ ለ6 ዲዮፕተር ላሲክ ቢደረግለት፣ 110 ለክዳኑ፣ 72 ለሌዘሩ ተቀንሶ 358 ማይክሮ ሜትር ይቀራል። ይህ በቂ ነው። 480 ማይክሮ ሜትር የሆነ ኮርኒያ ለ8 ዲዮፕተር ቢታረም ግን የሚቀረው 274 ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ ወሰን ሲያገለግል የቆየው 250 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ብዙ ሐኪሞች 300 እንዲቀር ይመርጣሉ። ከመጠን በላይ የሳሳ ኮርኒያ የዓይንን የውስጥ ግፊት መቋቋም አቅቶት ቀስ በቀስ ወደ ፊት ሊያብጥ ይችላል። ያን ጊዜ እይታው በመነጽር እንኳ አይታረምም።

ተዋጊ አውሮፕላን ከዓይን የሚጠይቀው

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በአንድ ሰከንድ 250 ሜትር ይጓዛል። ከአምቦ እስከ ጉደር ያለውን 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ48 ሰከንድ ይጨርሰዋል። እንዲህ ያሉ ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ሲመጡ ግን የሚቀራረቡት በሰከንድ 500 ሜትር ነው። ሌላኛውን ከ8 ኪሎ ሜትር ለይቶ ያየ አብራሪ 16 ሰከንድ አለው። ከ4 ኪሎ ሜትር ያየው 8 ሰከንድ ብቻ ይቀረዋል፤ ከዚህ ውስጥ ማንነቱን መለየት፣ መወሰንና አውሮፕላኑን ማዞር ይጠበቅበታል። የዓይን ጥራት በእጥፍ ሲቀንስ ጊዜውም በእጥፍ ይቀንሳል።

ታዲያ መነጽር ለምን አይበቃም? በጠባብ መታጠፊያ ላይ የአብራሪው አካል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና ይሸከማል፤ መነጽሩም በዚያው ልክ ይከብድና ከአፍንጫው ላይ ይንሸራተታል። በላብ ይደበዝዛል፤ ከራስ ቁር፣ ከኦክስጅን ጭምብልና ከሌሊት ማያ መሣሪያ ጋርም ይጋጫል። በሌዘር የሚደረገው ሕክምና ለጦር ኃይሎች አጓጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የታከመ ዓይን የራሱን ጥያቄዎች ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ጥያቄ ሌሊት ነው። በወጣት ሰው ዓይን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ በጨለማ ግን 7 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የታረመው ክብ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን 7 ሲካሬ 49፣ 6 ሲካሬ 36 ነውና፣ ከሚገባው ብርሃን ከሩብ የሚበልጠው ባልታረመው ዳር በኩል ያልፋል። ይህ ብርሃን በመብራቶች ዙሪያ ቀለበትና ጮራ ይፈጥራል። በሌሊት ለማረፍ የማኮብኮቢያውን መብራት ለሚፈልግ አብራሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘመናዊ መሣሪያዎች ሰፋ ያለ ክብ በማረም ችግሩን ቀንሰውታል፤ ክቡ በሰፋ ቁጥር ግን ቀመራችን እንደሚያሳየው ጥልቀቱም ይጨምራል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከሌዘር በፊት በስለት ይደረግ የነበረው ራዲያል ኬራቶቶሚ የተባለው ቀዶ ጥገና ኮርኒያን በጨረር መልክ ይሰነጥቅ ነበር። ቤክ ዌዘርስ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ይህ ከተደረገላቸው በኋላ በሜይ 1996 ኤቨረስትን ሲወጡ በኦክስጅን እጥረት ኮርኒያቸው ቅርጹን ለውጦ እይታቸው ጠፋባቸው፤ በተራራው ላይም ሊሞቱ ለጥቂት ተረፉ። በዚያው ዓመት የታተመ፣ ከራስ ደጀን ጥቂት ዝቅ በሚለው በአሜሪካው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ በስለት የታከሙ ዓይኖች ሲለዋወጡ በፒ.አር.ኬ. የታከሙት ግን እንደጸኑ አሳይቷል። በስለት የታከመና በሌዘር የታከመ ዓይን አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው አደጋ ነው። አብራሪ ከሚወድቅ አውሮፕላን ከነመቀመጫው ሲወነጨፍ ፊቱን የሚመታው ነፋስ እጅግ ብርቱ ነው። የላሲክ ክዳን ይንቀሳቀስ ይሆን የሚለው ስጋት ለዓመታት ላሲክን ከጦር አብራሪዎች አርቆት ነበር። በጥንቸሎች ዓይን ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ክዳኑ እንደተፈራው አለመነሣቱ መታየቱ ለአመለካከት ለውጡ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ከክልከላ ወደ ፈቃድ

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፒ.አር.ኬ. ጥናቱን የጀመረው በ1993 ነበር። ጥናቱን የመሩት ስቲቨን ሻልሆርን ሐኪም ከመሆናቸው በፊት የኤፍ 14 ተዋጊ አብራሪ ስለነበሩ፣ ጥያቄውን ከሁለቱም ወገን ያውቁት ነበር። ከዓመታት ክትትል በኋላ ፒ.አር.ኬ. ለአብራሪዎች በልዩ ፈቃድ መሰጠት ጀመረ። የአሜሪካ አየር ኃይል በሜይ 2007 ላሲክ የተደረገላቸው አመልካቾችም ለበረራ ሥልጠና እንዲታሰቡ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ናሳ ለጠፈርተኞች ሁለቱንም ዘዴዎች ተቀበለ።

ፈቃድ ማለት ግን ቅድመ ሁኔታ የለም ማለት አይደለም። የሕንድ አየር ኃይል ለአብራሪነት ባወጣው መስፈርት አመልካቹ ሲታከም ዕድሜው ከ20 ዓመት ያለፈ፣ ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ 12 ወራት ያለ ችግር የቆየ፣ ኮርኒያው ከ450 ማይክሮ ሜትር ያልሳሳ፣ ከሕክምናው በፊት የነበረው ጉድለት ከ6 ዲዮፕተር ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። የዓይኑ ርዝመትም ይለካል። የአሜሪካ መከላከያ በጠቅላላው ለውትድርና ምልመላ የቅድመ ሕክምናውን ጉድለት በ8 ዲዮፕተር ወስኖ ቢያንስ 180 ቀናት እንዲያልፉ ይፈልጋል። አገሮች በቁጥሩ ይለያያሉ። አራቱን ነገሮች፣ ማለትም ዕድሜን፣ የመቆያ ጊዜን፣ የቀረውን ውፍረትና የቀድሞውን ጉድለት ሳይጠይቅ የሚቀበል ሠራዊት ግን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሲቪል በረራ ጉዳዩ ይለያል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ለንግድ አብራሪዎች በእያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ በሁለቱ ዓይኖች 6/6 እይታን ሲጠይቅ፣ ይህ በመነጽር ቢገኝም ይቀበላል። የታከመ ዓይንም በረራን የሚያውክ ጠባሳ ወይም መዘዝ ከሌለበት ብቁ ሊባል ይችላል። ስለዚህ መጠነኛ ማዮፒያ ያለበት ወጣት የበረራ ሕልሙን ለማሳካት ሌዘር የግድ አያስፈልገውም፤ በመነጽሩም የንግድ አውሮፕላን ሊያበር ይችላል።

ዛሬ 6/6 የሚያይ ዓይን ለምን ይጠየቃል?

ብዙ ተማሪዎች «አሁን 6/6 ካየሁ የድሮው ለምን ይጠየቃል?» ይላሉ። መልሱ ቀደም ሲል አደራ ባልነው ቁጥር ውስጥ ይገኛል። ሌዘር የሚቀርጸው የዓይንን ፊት ነው፤ የዓይንን ርዝመት አይነካም። 6 ዲዮፕተር ማዮፒያ የነበረበት ዓይን ከሕክምናው በፊት 26 ሚሊ ሜትር ያህል ከነበረ ከሕክምናው በኋላም 26 ነው። በረዘመው ዓይን ውስጥ ያለው ሬቲና ተወጥሮ የሳሳ ስለሆነ የመቀደድና የመላቀቅ ዕድሉ ከሌሎች ይበልጣል። መስኮቱ ተወልውሏል፤ የቤቱ ግድግዳ ግን ያው ነው።

በዚሁ ምክንያት ሕክምናውን ደብቆ ማለፍ አይቻልም። የኮርኒያን ገጽ ካርታ የሚያነሣው መሣሪያ የተስተኛውን መሐል ወዲያው ያሳያል። ውፍረቱን የሚለካው መሣሪያም ያጋልጠዋል። 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት ኖሮት ያለ መነጽር 6/6 የሚያይ ዓይን ራሱ ምስክር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የመደበቅ ጉዳት በባለቤቱ ላይ መድረሱ ነው። የዓይን ግፊት የሚለካው ኮርኒያን በመጫን ስለሆነ፣ የሳሳ ኮርኒያ ግፊቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። መታከሙን ያልተናገረ ሰው ግላኮማ ቢይዘው በሽታው ሳይታወቅበት እይታውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በሌዘር የታከመ ሰው ይህን ዕድሜውን ሙሉ ለሚያየው ሐኪም ሁሉ መናገር አለበት።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ

ከአምቦ ሆነን ስናስበው ሌሎች ነገሮችም ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 11.5 በመቶው በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ሆኖ ተገኝቷል። በልጅነቱ ደጋግሞ በትራኮማ የተያዘ ሰው ጠባሳው ቀላል ቢሆንም እንኳ ለሌዘር ሕክምና ተስማሚ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል በዚያው ጥናት ከደካማ እይታ ምክንያቶች 33.4 በመቶው መነጽር ሊያርመው የሚችል የስብረት ጉድለት ነበር። ስለዚህ እይታው የደበዘዘበትን ተማሪ በመጀመሪያ ማሳከም ያለብን በሌዘር ሳይሆን በምርመራ ነው።

ሁለተኛው የደጋ ፀሐይ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ 2100 ሜትር አካባቢ በሆነው አምቦ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ20 በመቶ ያህል ይበልጣል። ከፒ.አር.ኬ. በኋላ ባሉት ወራት ይህ ጨረር በኮርኒያ ላይ ጉም መሰል ጠባሳ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የታከመ ሰው በእርሻና በመንገድ ላይ ጥሩ የፀሐይ መነጽር ማድረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ዓይንን የማሸት ልማድ ነው። በአቧራና በአለርጂ ምክንያት ለዓመታት ዓይናቸውን የሚያሹ ልጆች ኮርኒያቸው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ቆብ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። ኬራቶኮነስ የሚባለው ይህ ችግር ያለበት ዓይን በላሲክ ቢነካ ይብስበታል። ቶሎ ቶሎ የመነጽሩ ቁጥር የሚለዋወጥበት ወጣት የኮርኒያ ካርታ ሳይነሣ ሕክምና መጀመር የለበትም።

አንባቢያን ሁለት ቀላል ሙከራዎችን በቤታቸው ሊያደርጉ ይችላሉ። በነጭ ወረቀት ላይ ቁመቱና ስፋቱ 8.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ጣቶች ያሉት የሹካ ምስል በጥቁር ቀለም ይሣሉ፤ እያንዳንዱ ጣትና በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት 1.75 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ወረቀቱን በደንብ በበራ ቦታ ሰቅለው 6 ሜትር ርቀው በመቆም አንዱን ዓይን ሸፍነው ይመልከቱ። ሌላ ሰው ወረቀቱን ሲያዞረው ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ ከለዩ ያ ዓይን 6/6 ያያል። ካልለዩ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅተው በቀዳዳው በኩል እንደገና ይመልከቱ። ጠባብ ቀዳዳ የተበተኑትን ጨረሮች ስለሚያስቀር፣ ምስሉ ከጠራ ችግሩ የስብረት ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ መነጽርም ይረዳል። ካልጠራ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያሻል። ሙከራው ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ምርመራን አይተካም።

ከመክፈል በፊት

ከላይ ካየነው በመነሣት ለአብራሪነት ለሚያስብ ወጣትና ለቤተሰቡ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

አንደኛ፣ አስቀድሞ ሙሉ የዓይን ምርመራ ያድርግ። የቀለም እይታውም ይመርመር፤ ቀይና አረንጓዴን አለመለየት የሚወረስ የሬቲና ጉዳይ በመሆኑ ኮርኒያን የሚቀርጽ ሌዘር አያስተካክለውም። በዚህ ለሚወድቅ አመልካች የሌዘሩ ወጪ ለበረራ ሕልሙ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ቀዶ ጥገና ከማድረጉ በፊት የሚያመለክትበትን ተቋም ይጠይቅ፤ ቢቻል መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የተቋሙ የሕክምና ቦርድ እንጂ ሌዘሩን የሚሠራው ክሊኒክ አይደለም። ክሊኒኩ እይታ እንደሚጠራ ሊናገር ይችላል፤ በረራ እንደሚፈቀድ ግን ሊናገር አይችልም።

ሦስተኛ፣ የመነጽሩ ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ እስኪቆይ ይታገሥ። በ17 ዓመት ዕድሜ የታከመ ዓይን በ20 ዓመት እንደገና ሊደበዝዝ ይችላል፤ ዓይን ገና እያደገ ነውና።

አራተኛ፣ ከታከመ የቅድመ ሕክምናውን መነጽር ቁጥር፣ የኮርኒያውን ውፍረትና ካርታ፣ የዓይኑን ርዝመት፣ የተሠራበትን ዘዴና የተነሣውን ጥልቀት የያዘ ሰነድ ከሐኪሙ ተቀብሎ ያስቀምጥ። ይህ ወረቀት የሌለው አመልካች በቦርድ ፊት ስለራሱ ማስረጃ የለውም። እርጅና መጥቶ የዓይን ሞራ ሲወጣለትም ሰው ሠራሽ ሌንሱን የሚያሰላው ሐኪም ይህንኑ ሰነድ ይፈልገዋል።

መደምደሚያ

ሌዘር የብርሃንን ጠባይ በማወቅ ከተገኙ ታላላቅ የሕክምና ጸጋዎች አንዱ ነው። ለብዙ ሰዎች መነጽርን አስቀርቷል፤ ለአንዳንድ አብራሪዎችም የተዘጋ በር ከፍቷል። ሆኖም በሩን የሚከፍተው የጠራ እይታ ብቻ ሳይሆን የቀረው ውፍረት፣ የዓይኑ ርዝመት፣ ያለፈው ጊዜና በሐቅ የቀረበው ሰነድ ጭምር ነው። የምልመላ ማስታወቂያዎችም በሌዘር የታከመ ዓይን የሚታይበትን ሁኔታ በአንድ መስመር ለይተው ቢያሰፍሩ፣ ብዙ ቤተሰቦችን ከከንቱ ወጪ ያድኑ ነበር እንላለን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው ሲደበዝዝበት መምህሩ ወደ ፊት ወንበር ከማዛወር አልፎ ለምርመራ ቢልከው ደግሞ፣ ልጁ አብራሪ ሆነም አልሆነ ትምህርቱ ይተርፍለታል።